ያቅበጠበጠው ክኒን

ሶዶ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተጣልተው መታረቅ ሲያቅታቸው ጎረቤት መጀመሪያ የሚያነሳው ስም የመምህር ኤርካሎ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው ሰው የለም። ተማሪ ሲያጠፋ እንኳ ጠጋ ብሎ በጆሮው ነው የሚናገረው። በጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ደግሞ የቅዳሜ ከሰዓቱ የራሱ መሆኑ ቀርቷል፤ ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ አከራይና ተከራይ እየመጡ ግቢው ውስጥ ካለው አቮካዶ ሥር ይቀመጣሉ። ሚስቱ ፋንታዬ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። «እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሕፃናት ሳስታርቅ እከርማለሁ፣ አንተ ቅዳሜ ትልልቆቹን ትረከባለህ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

የኤርካሎ ችግር ደረቱ ነው። አስሙ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው። በበጋ አቧራው ያፍነዋል፣ በክረምት እርጥበቱ። መስከረም ጠብቶ አበባው ሲፈነዳ ደግሞ አፍንጫው ይዘጋል፣ ዓይኑ ይቀላል። ሐኪሞች ፓፍ አዘውለት ያውቃሉ፤ እሱ ግን ተደብቆ ካልሆነ አይስበውም። «ፓፍ የጀመረ ሰው ያለሱ መኖር አይችልም» ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ሰው ፊት አፉ ላይ ቢያደርገው እንደ ሱሰኛ የሚታይ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲያፍነው ከክፍል ይወጣና ግድግዳ ተደግፎ እስኪያልፍለት ይጠብቃል።

ሰፈራቸው ውስጥ ኮብልስቶን መነጠፍ በጀመረበት ዓመት ግን ግድግዳ መደገፉ አላዋጣውም። የሚፈለጠው ድንጋይና የሚገለበጠው አሸዋ አቧራ በመስኮት እየገባ አልጋው ላይ ሳይቀር ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ፊት እንደቆመ መናገር አቃተው። ተማሪዎቹ ደግፈው በባጃጅ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱት። እዚያ የተቀበለችው ሐኪም ዶክተር ናዝራዊት ትባላለች፤ አያቷ ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሷም እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ገና ወጣት፣ ስትናገር የምትፈጥን ናት። ኦክስጅን ሰጥታው፣ መርፌ ወግታው፣ ደረቱን ደጋግማ ካዳመጠች በኋላ ስለ ፓፉ ጠየቀችው። ኤርካሎ አቀረቀረ።

«ካልተጠቀሙበትማ ምን ያድርግልዎ?» አለች። «እሺ፣ ለአስሙም ለአለርጂውም የሚሆን ክኒን አለ፤ ሞንቴሉካስት ይባላል። ማታ ማታ ይወስዱታል። ፓፉንም አይተዉት። ከወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ።»

ለኤርካሎ ከዚህ የተሻለ ነገር ሊነገረው አይችልም ነበር። ክኒን ማንም ሳያይ ይዋጣል። ደጅ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ ብዙ ስለነበር እሷም ሌላ አልጨመረችም፣ እሱም ሌላ አልጠየቀም።

ክኒኑ ሠራ። ፋንታዬ ይህን መቼም አትክድም። ብዙም ሳይቆይ ሲነጋ የሚያፏጨው ደረቱ ዝም አለ። ወደ ዳሞታ ተራራ የሚወስደውን ዳገት ሳያርፍ ወጥቶ ወረደና እንደ ልጅ እየሳቀ ቤት ገባ።

«ፋንታ፣ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚተነፍሰው? ሁላችሁም እንዲህ እየተነፈሳችሁ ነው ዝም ያላችሁኝ?»

እሷም ሳቀች። በሚቀጥለው እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሞ ስለ ትንፋሹ ምስክርነት ሰጠ። ከአመስጋኞቹ መካከል ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው ፋንታዬ ነበረች። ከወር በኋላ ይምጡ የተባለውንም ትቶ ክኒኑን ከፋርማሲ እየገዛ ቀጠለ።

ለውጡን መጀመሪያ ያየችው ጣቶቹ ላይ ነው። ምግብ ቀርቦ ሳለ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። ቀጥሎ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ ጭራሽ መቀመጥ ተወ። ቁርሱን ቆሞ ይጎርሳል። ከሳሎን ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ውጭ በር፣ ከበሩ ተመልሶ ወደ ሳሎን ይላል። መሳቢያ ይከፍትና ምን ሊያወጣ እንደከፈተው ይጠፋዋል። ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ፒጃማው በላብ ርሶ ነው።

«ቅዠት ነው» ይላታል።

«ምን አየህ?»

«ተይኝ።»

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህችን ቃል ከአፉ ሰምታት አታውቅም። አሁን በየቀኑ ትሰማት ጀመር።

ልጃቸው ቤቴል ለአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትዘጋጅ ልጅ ናት። ስታጠና መዝሙር ማንጎራጎር ትወዳለች፤ አባቷም በፊት ከጓሮ ሆኖ አብሯት ያንጎራጉር ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ከኋላዋ መጣና የፊዚክስ መጽሐፏን ከእጇ ነጥቆ በበሩ ወደ ግቢው ወረወረው። «አንጎሌ ውስጥ ገብተሽ ነው የምትዘምሪው!» ብሎ ጮኸባት። ልጅቷ አላለቀሰችም። መጽሐፏን አንስታ አፈሩን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ከዚያ በኋላ ቤቷ አላጠናችም። ኤርካሎ መጽሐፉ የወደቀበትን ቦታ እየዞረ፣ እየዞረ፣ «ምን ሆኜ ነው? ምን ሆኜ ነው?» ሲል ፋንታዬ በመስኮት አየችው።

ትምህርት ቤትም የባሰ ነገር መጣ። የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ስብሰባ ላይ ከወረዳ የመጣው ሰው ገና እየተናገረ ሳለ ኤርካሎ ብድግ ብሎ ወጣ። በዚያን ጊዜ ከስብሰባ መሃል ተነስቶ መውጣት ትርጉሙ ብዙ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋና፣ «መምህር፣ ቅሬታ ካለህ ለኔ ንገረኝ» አለው።

ኤርካሎ ቅሬታ አልነበረውም። ወንበሩ ላይ መቆየት አቅቶት ነው የወጣው። ይህን ብሎ ማን ያምነዋል? «ሆዴን አሞኝ ነው» ብሎ አለፈው።

ሰውም በየፊናው ምክንያት ፈለገለት። አንዷ ጎረቤት ለፋንታዬ «ወንድ ልጅ እንዲህ የሚቅበጠበጠው ውጭ ሌላ ሴት ሲኖረው ነው» አለቻት። የጸሎት ቡድኑ ግን ፈተናው የመንፈስ ነው አለ። መጡና ከበውት ጸለዩ። እሱ በክቡ መሃል እንኳ ይንጎራደዳል። ከወንድሞች አንዱ እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ «ልቀቀው!» እያለ መገሰጽ ሲጀምር ኤርካሎ ደንግጦ ወደኋላ ሸሸ። ስንት ሰው ላይ እጁን ጭኖ እንዲሁ ገስጿል! ከሚጫነው እጅ ሥር መቆምን ግን አያውቀውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ፣ ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ «ፋንታ፣ እውነት እኔ ላይ መንፈስ አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም» አለችው ቶሎ። ፎጣውን ስታቀብለው ግን ዓይኑን አላየችም።

የሻንቶው ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሻንቶ ከተማ ዳር ሻንቆና ቶማ የሚባሉ ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ከተጣሉ ቆይተዋል። ሻንቆ ታላቁ ነው። ነጋዴ ነው፣ ጸሎት ቤት ሲሠራ ቆርቆሮውን የቻለ፣ ሰው የሚያከብረው። ቶማ አርሶ አደር ነው። ታላቅየው ባሕር ዛፉን ከወሰኑ አሳልፎ ተክሎ የታናሹ እንሰት ውኃ አጥቶ ይደርቃል ነው ክሱ። ኤርካሎ ከዚህ በፊትም በዚህ ነገር ሽምግልና ተቀምጧል፤ ሁልጊዜም የሚያልቀው ቶማ «እሺ፣ ለሰላም ስል» ብሎ አቀርቅሮ ሲሄድ ነው። ያን ቅዳሜም ሽማግሎቹ ሻንቆ ቤት ተሰበሰቡ። ፋንታዬ ባሏን ብቻውን መላክ ፈርታ አብራው ሄዳ ነበር።

ሻንቆ ረጋ ብሎ ተናገረ። ስለ አባታቸው፣ ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ ይቅርታ። ሰብሳቢው ሽማግሌም «እንግዲህ ቶማ፣ ታላቅህ ነው...» ማለት ሲጀምር ኤርካሎ ዘሎ ተነሳ። የተቀመጠበት በርጩማ ተንከባለለ።

«ሌባ ነው!» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው! ዛፉን ከወሰን አሳልፎ ሲተክል ሁላችንም አይተናል። ቆርቆሮ ስለሰጠን ዝም አልን! በየጊዜው ይህን ምስኪን 'ለሰላም ስትል' እያልን ዘረፍነው! እኔም ሌባ ነኝ፣ እናንተም ሌቦች ናችሁ!»

የሻንቆ ሚስት የያዘችውን የዳታ በርበሬ ሳህን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሻንቆ ቀስ ብሎ ተነሳና «ከቤቴ ውጣ» አለ። ኤርካሎ ወጣ። ሚኒባስ እስኪመጣ እንኳ መቆም አቅቶት በአስፋልቱ ዳር ወደ ሶዶ በእግሩ መገስገስ ጀመረ። ፋንታዬ ነጠላዋ እየተጎተተ ከኋላ ከኋላው ትሮጣለች። መኪኖች እየጮሁባቸው ያልፋሉ። አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላያትም።

ጸሎት ቤቱ ለጊዜው ከሽምግልናው እንዲያርፍ ወሰነ። ወዲያው ደግሞ ገሱባ ያለችው እህቱ ሚርያም ባሏ ሞቶ መርዶ መጣ። ኤርካሎ የለበሰውን እንደለበሰ የመጀመሪያው መኪና ላይ ተሳፈረ። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ከለቅሶው በኋላም እዚያው ቆየ። ፋንታዬ ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ትደውላለች። መጀመሪያ አካባቢ በስልኩ ውስጥ እርምጃው ይሰማታል፤ እያወራም ይራመዳል። ኋላ ላይ ግን እርምጃው ጠፋ። አንድ ቀን «ምን እያደረግህ ነው?» ብትለው «ከሚርያም ጋር ቁጭ ብለን ለእራት ቦዬ እየላጥን ነው» አላት።

ቁጭ ብለን! ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ መጣ።

ሲመለስ ትንሽ ያስለዋል፣ ደረቱም ማፏጨት ጀምሯል፤ ግን ኤርካሎ ነበር። ቤቴልን ጠርቶ «መጽሐፍሽን ስለጣልኩት ይቅር በይኝ» አላት። አቮካዶው ሥር ተቀምጦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከሷ ጋር ፊዚክስ ሠራ። ፋንታዬ ለቅሶው፣ ሐዘኑ፣ የአገሩ አየር ነው የመለሰው ብላ አመሰገነች። እሱም እንደ ወትሮው ክኒኑን መዋጥ ቀጠለ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጣቶቹ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመሩ።

ፋንታዬ ጎመን እየቀነጠበች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና ጣቶቹን አየቻቸው። ከዚያ «ኤርካሎ፣ ገሱባ ስትሄድ ክኒንህን ይዘህ ነበር?» አለችው።

«የት አስታውሼው! እዚሁ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ክኒኑ ነው።»

«ምኑ?»

«ይሄ ሁሉ። መቅበጥበጡ፣ ቅዠቱ፣ ቁጣው። ክኒኑን ከመጀመርህ በፊት አልነበረም። ትተኸው ስትሄድ ተወህ። ስትጀምረው ተመለሰ።»

ኤርካሎ ከት ብሎ ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «የአስም መድኃኒት የሳንባ ነው፤ ከአእምሮ ጋር ምን አገናኘው?»

«አላውቅም። ሐኪሟ ታውቃለች። ሄደን እንጠይቃት።»

«ከዚያ ተወው ብትለኝስ?» ፊቱ ተለዋወጠ። «ዕድሜዬን ሙሉ በገለባ ቀዳዳ ስተነፍስ ኖሬ አሁን ገና በሰፊው አገኘሁ። ትንፋሼን ልትወስጂብኝ ነው?»

«አልወስድብህም። እኔን፣ ልጅህን፣ ራስህን ግን እየወሰደብን ነው።»

በሩን አላትሞ ወጣ። ፋንታዬ ክኒኑን ሽንት ቤት ልትጥለው አንስታው ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ ደረቱም የሱ ነው ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ለሷ ከባድ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሕፃናቱን እያዘመረች ልቧ ቤት ነው። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ክፉ ወሬ ይመስላታል። የደጃፉ ብረት ሲንቋቋ እሱ መሆኑን ትሰጋለች፣ አለመሆኑንም ትሰጋለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ኤርካሎ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ድንገት መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። የት እንደነበረ አልተናገረም። «እንሂድ» አለ ብቻ። «ወደ ሐኪሟ እንሂድ። አሁን። ሐሳቤን ሳልለውጥ።»

ዶክተር ናዝራዊት ነገሩን ከፋንታዬ ስትሰማ ስታወራ የነበረው ፍጥነት ሁሉ ከሷ ጠፋ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ከኤርካሎ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እሱ እግሩ እየተንቀጠቀጠ የመስኮቱን መጋረጃ ይፈትላል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ አይቆጡኝ። ራስዎን ስለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?»

ኤርካሎ መጋረጃውን ለቀቀው።

«ኤርካሎ?» አለች ፋንታዬ።

«ዛሬ...» አለና አቋረጠ። «ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ወንዙ ዳር ነበርኩ። ውኃው ሞልቷል። ማረፍ ብቻ ነው የፈለግኩት ፋንታ። መሞት አልፈለግኩም፤ ማረፍ ነው። ግን ሁለቱ አንድ መስለው ታዩኝ። ያኔ ፈራሁና ወደ አንቺ ሮጥኩ።»

ፋንታዬ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። ደጅ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በሩን አንኳኳ፤ ሐኪሟ አልመለሰችም።

«ይህ መድኃኒት ብዙ ሰው ላይ ምንም አያደርግም» አለች በመጨረሻ። «አንዳንድ ሰው ላይ ግን እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያስቃዣል፣ ያነጫንጫል፣ እንዲህ ያለ ሐሳብም ያመጣል። በሕክምናው ይታወቃል። እርስዎ ላይ እሱ ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው የነገራችሁኝ። ስሰጥዎ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። አልነገርኩዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኤርካሎ ቀና ብሎ አያት። «ታዲያ መንፈስ አይደለም?»

«መድኃኒት ነው መምህር።»

ኤርካሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ዕፎይታ ይሁን ቁጣ ፋንታዬ መለየት አልቻለችም።

ክኒኑ ያንኑ ዕለት ተቋረጠ። በምትኩ በየቀኑ የሚሳብ ፓፍና ሲያፍነው ብቻ የሚጠቀምበት ሌላ ፓፍ ታዘዘለት። ዶክተር ናዝራዊት ፋንታዬን ለይታ «ብቻውን እንዳይሆን፤ ነገም ከነገ ወዲያም ይምጣ፣ እኔ ራሴ አየዋለሁ» አለቻት። እንዳለችውም አደረገች።

ወዲያው አልለቀቀውም። ቅዠቱ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ቁጣው፣ በመጨረሻ እግሩ። ደረቱ ግን ክኒኑን ሲወስድ እንደነበረው አልሆነም፤ ዳገት ላይ ያርፋል። አንዳንዴ በቁጭት «ያን ትንፋሽ አንድ ጊዜ እንኳ ባገኘው» ይላል። ፋንታዬ አትቆጣውም፤ ያለፈውን ረስቶ ሳይሆን ናፍቆት ይዞት መሆኑን ታውቃለች።

ጉባኤው ነገሩን ሲሰማ ወደ ሽምግልናው እንዲመለስ ጠየቀው። «መጀመሪያ ሻንቶ መሄድ አለብኝ» አለ።

ሁለቱ አብረው ሄዱ። ሻንቆ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ግቡ አላላቸውም። ኤርካሎ የታመመውን ሁሉ ነገረው፤ ክኒኑን፣ ቅዠቱን፣ ሐኪሟ ያለችውን። «ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። በቤትህ ጮኼብሃለሁ። ይቅር በለኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሻንቆ እጁን አልተቀበለውም። «እንዲያ ከሆነ፣ ሌባ ያልከኝ መድኃኒቱ ነዋ!» አለ። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች እንዲሰሙለት ፈልጎ ነበር። «እስቲ ንገራቸው። ሰዉ ሁሉ በዚያ ቃል ነው የሚያየኝ። መድኃኒቱ ነው በላቸው፣ ይቅር እልሃለሁ።»

ፋንታዬ 'አዎ በልና እንሂድ' ስትል በልቧ ለመነችው። ኤርካሎ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«የጮኸው መድኃኒቱ ነው» አለ። «ስድቡም የሱ ነው፣ ለሱ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የዛፉን ነገር ግን ከመታመሜ በፊትም አውቀው ነበር ሻንቆ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው ያልነገርኩህ።»

የሻንቆ ፊት ጠቆረ። ሰዎቹ አጉረመረሙ። ፋንታዬ የባሏን ጃኬት ይዛ ልትጎትተው ስትል ሻንቆ በእጁ አስቆማት።

«እንግዲያው አሁን ንገረኝ» አለ። «ሳትጮህ። ግባና ቁጭ ብለህ ንገረኝ።»

ሱቁ ውስጥ በስኳር ጆንያዎቹ መካከል ተቀመጡ። ኤርካሎ በዝግታ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው፣ ወሰኑ በአባትየው ዘመን የት እንደነበረ፣ ዛፉ እስከየት እንደተተከለ፣ ሽማግሌዎች ለምን እንደፈሩ ነገረው። ሻንቆ ሁለቴ ሊያቋርጠው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሲጨርስም አላመነም፣ አልካደም። «ከክረምቱ በኋላ ቶማ ይምጣና አብረን መሬቱን እንየው። ሽማግሌ አልፈልግም። አንተም እንዳትመጣ» አለ።

ከክረምቱ በኋላ ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ወሰኑ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ከዛፎቹ ግማሹ ተቆረጠ፣ ግማሹ እስከ ዛሬ ቆሟል። ቶማ በግማሹ ደስ አላለውም፤ ሻንቆም ኤርካሎን ሰላም የሚለው ከሩቅ ነው። ቤቴል ፈተናዋን አለፈች። ኤርካሎ ወደ ሽምግልናው ተመለሰ፤ ቅዳሜ ወደሱ የሚመጣው ሰው ግን ከበፊቱ አነሰ። የሚመጡትም «እሱ ዘንድ ከሄድክ እውነቱን ይነግርሃል» ተብለው፣ እየፈሩ የሚመጡ ናቸው።